የተመሰገኑ ጓንቶች

ሰው ጥፋቱን ሲናዘዝ ሸክሙ ይቀልለዋል ይባላል። እኔ ግን ይህን ስጽፍ ምንም አልቀለለኝም፤ እንዲያውም በየመስመሩ ፊቴ ይግላል። የምጽፈው በእኔ የደረሰው እፍረት በሌላ ሰው እንዳይደርስ፣ ከደረሰም ቶሎ እንዲወጣው በማሰብ ብቻ ነው።

ሥራዬ የምግብ ቤቶችን ንጽሕና መቆጣጠር ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በሰው ጓዳ እየገባሁ፣ ጣቴን በመደርደሪያ ላይ እየጎተትኩ አቧራ ስፈልግ ኖሬያለሁ። ባለቤቶቹ ገና ከበር ሲያዩኝ ይደነግጡ ነበር። ድንጋጤያቸውን አልጠላውም ነበር፤ ይህም ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዓይኔን ለመታየት ሆስፒታል ሄድኩና የክፍሉን ቁጥር ተሳስቼ፣ የሳንባ ትንፋሽ ከሚለካበት ክፍል ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ሁለት እጆቻቸውን ጭናቸው ላይ ባለው ኮፍያ ሥር ቀብረው ተቀምጠዋል። ቀና ብዬ ባያቸው የሰፈራችን ዳቦ ቤት ባለቤት ናቸው። ሰው ሁሉ «ባለጓንቱ» ነው የሚላቸው።

ስሙን ያወጣላቸው ጓንታቸው ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ በብርድም በሙቀትም ነጭ ጓንት ሳያጠልቁ ዳቦ ነክተው አያውቁም። እኔም ይህን እያየሁ በየዓመቱ በማቀርበው ሪፖርት ላይ «የንጽሕና አርአያ» እያልኩ አመሰግናቸው ነበር። ሌሎቹን ዳቦ ጋጋሪዎች ደግሞ «ለምን እንደ እሳቸው አትሆኑም?» እያልኩ ቁም ስቅላቸውን አሳያቸው ነበር።

«ጋሼ! እንደምን ዋሉ?» አልኳቸው በደስታ።

«ተሳስተዋል ወንድሜ» አሉኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ይሆናል።»

ሰው ከሰው ይመሳሰላል ብዬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል የክፍሉ በር ተከፈተና ነጭ ጋውን የለበሰች ወጣት ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ተራህ ደርሷል» አለቻቸው። ከዚያ እኔን አየችኝና «ውይ ጋሼ፣ እርስዎም እዚህ ነዎት?» አለችኝ። የባለጓንቱ አንድያ ልጅ ናት፤ በዚያው ሆስፒታል የደም ላቦራቶሪ ውስጥ ትሠራለች።

ሽማግሌው መዋሸታቸው ስለታወቀባቸው ተደናግጠው ብድግ ሲሉ ኮፍያቸው ወደቀ። እጆቻቸውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ቆዳው ተወጥሮ ሰም የተቀባ ይመስላል፤ ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው አልዘረጋ ብለዋል፤ ጫፋቸው ሰማያዊ ሆኗል፤ ሁለቱ ላይ ትናንሽ ቁስሎች አሉ። ኮፍያውን አንሥቼ ልሰጣቸው ይገባ ነበር። ያደረግኩት ግን ወንበሩ ላይ ወደ ዳር ሸሸት ማለት ነው። እሳቸውም አዩኝ።

ትንፋሻቸው ተለክቶ ሲወጡ ልጅቱ ሁለታችንንም ሠራተኞች ምሳ ወደሚበሉባት ጠባብ ክፍል ወሰደችን። «ጋሼ፣ አባዬ እርስዎን ያከብራል» አለችኝ። «ስለዚህ ይርዱኝ። ሐኪሞቹ በግንደ ህዋስ ሊያክሙት ይፈልጋሉ፤ እሱ እምቢ ብሏል።»

«በሽታው ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሰውነታችን ከበሽታ የሚጠብቁት ዘበኞች አሉት። የአባዬ ዘበኞች ተሳስተው የቤቱን ሰው እንደ ሌባ ይደበድባሉ። ቆዳው የደነደነው በዚያ ነው። አሁን ደግሞ ወደ ሳንባው ተሻግረዋል። ደብቆ ቆይቶ ዘግይቶ የጀመረው መድኃኒት አልያዘለትም። ሐኪሞቹ ለዚህ ሕክምና ይሆናል ያሉት ሳንባውና ልቡ ገና ስለሚችሉ ነው፤ ዛሬ የተለካው ትንፋሽ ግን ካለፈው ቀንሷል። ጥቂት ወር ካለፈ ሊቀበሉት ቢፈልጉም አይችሉም።»

ባለጓንቱ እጃቸውን እንደገና ከኮፍያው ሥር ከተው ሲያዳምጡ ቆዩ። «ልጄ ተምራለች፤ እግዜር ይባርካት። እኔ ግን ያልተማርኩ ሰው ነኝና አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «የሚያጠቃኝ የገዛ ደሜ ነው ትሉኛላችሁ። መድኃኒቱም ከገዛ ደሜ ተቀድቶ ለእኔው ይመለሳል ትላላችሁ። ታዲያ ሌባውን በጓሮ በር አስወጥቶ በፊት በር ማስገባት አይሆንም?»

ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱን ስላላወቅኩ መነጽሬን መወልወል ያዝኩ።

«የሚመለሰው ዘበኛው አይደለም፣ አባዬ» አለች ልጅቱ። «ግንደ ህዋስ የሚባለው መቅኔ ውስጥ ነው የሚኖረው። ደም ሁሉ፣ ዘበኞቹም ጭምር፣ የሚወለዱት ከእሱ ነው። እሱ ራሱ ግን ገና ምንም አልተማረም፤ ማንን መምታት እንዳለበት አያውቅም። መጀመሪያ በመርፌ ተጎትጉቶ ከመቅኔ ወደ ደም ይወጣል፤ በማሽን ይለቀምና በብርቱ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ከዚያ ኃይለኛ መድኃኒት ተሰጥቶህ የተሳሳቱት ዘበኞች ይጠረጋሉ። በመጨረሻ ግንደ ህዋሱ በደም ሥርህ ይመለስልህና አዳዲሶቹን ይወልዳል።»

«እርሾ ነው የምትይኝ» አሉ ሽማግሌው። «እርሾ ሲበላሽብኝ ሊጡን ሙሉ በሙሉ እደፋዋለሁ፤ ገንዳውንም በፈላ ውሃ አጥባለሁ። ሳልደፋ ግን ከመሃል ንጹሑን አንድ ማንኪያ አነሣለሁ። እሱን በአዲስ ዱቄት አሳድገዋለሁ።»

«እንደሱ ነው! በቃ ገባዎት!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ።

«ደስ ይላል፤ ግን ምሳሌው እስከ ዳር አያደርሰንም» አለች ልጅቱ። «ገንዳው ታጥቦ እርሾው እስኪነሣ ድረስ አንተ ዘበኛ የሌለው ቤት ነህ። ተራ ጉንፋን እንኳ አደጋ ነው። ብቻህን በተዘጋ ክፍል ሳምንታት ትተኛለህ። ፀጉርህ ይረግፋል። ከወጣህም በኋላ ለወራት ከሰው ግርግርና ከዱቄት ብናኝ መራቅ አለብህ።»

«ሊገድለኝም ይችላል?»

ጥቅሻ ሰጠኋት፤ ለዘብ አድርጊው ለማለት ነበር።

«ጋሼ፣ አይጥቀሱኝ። አባቴን አልዋሸውም» አለችኝ። ወደ እሳቸው ዞራም «አዎ አባዬ፣ ከሚገቡት ጥቂቶቹ አይወጡም። የተሻላቸው ግን ብዙዎች ናቸው፤ ሳንባቸው ከመድከም ቆሟል፤ ቆዳቸውም ለስልሷል። ካልታከምክ ምን እንደሚሆን ደግሞ ትንፋሽህ በየወሩ እየነገረን ነው» አለቻቸው።

እኔ በወረቀት ላይ እውነትን ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ ለታማሚ ሲሆን እውነት በጭልፋ ተመጥና መሰጠት ያለባት ይመስለኝ ነበር። ይህች ልጅ ግን አባቷን እያፈቀረች እውነቱን ሳትሸራርፍ ስትነግራቸው አይቼ አፈርኩ። ያ እፍረት ግን ከዚያ በኋላ ከመጣው ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም።

ባለጓንቱ ከደረት ኪሳቸው አንድ የተጣጠፈች ወረቀት በመከራ አወጡ። «እኔ ቀለል ያለ አግኝቻለሁ» አሉ። «ከጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ አንድ ሰው ቤት ተከራይቶ ይኸንኑ ግንደ ህዋስ ‹ስቴም ሴል› እያለ በአንድ መርፌ ይሰጣል። ስኳርም፣ ሪህም፣ የዓይን መፍዘዝም፣ የእኔንም ያድናል ይላል። ጠዋት ገብቶ ለምሳ ቤት መድረስ ነው።»

ልጅቱ እንባዋ መጣ። ያን ጊዜ የሙያዬን ጥያቄ መጠየቅ እንዳለብኝ ተሰማኝ።

«ጋሼ፣ በመርፌው ውስጥ ያለው ነገር ከማን የተወሰደ ነው?»

«አላውቅም።»

«ጠርሙሱ ላይ ምን ተጽፏል? ቤት ከገቡ በኋላ ቢያምዎ ማንን ይጠራሉ? ከዚህ በፊት የተወጉትስ ዛሬ የት ናቸው?»

«አልጠየቅኩም።»

«እንዴት ሳይጠይቁ!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ለበሽታ ሁሉ አንድ መርፌ ያለው ሰው፣ ለእግር ሁሉ አንድ ቁጥር ጫማ ይዞ እንደሚዞር ሻጭ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆንብዎ። ሰው በሰውነቱ ጉዳይ የሚያውቅ ሰው ሳይጠይቅ እንዴት ይወስናል?»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ከአፌ ባላወጣኋት ኖሮ!

ሽማግሌው ወረቀቷን ጨመደዷት። «አታላይ መሆኑን አጣሁት መስሎዎታል?» አሉኝ ቀስ ብለው። «ሠላሳ ዓመት ዱቄት ስገዛ ኖሬ፣ አታላይ ከሩቁ ይሸተኛል። ግን እሱ ጋ ብሄድ ማንም አያየኝም። ሆስፒታል ከገባሁ ወራት ነው። ሰው ምን ሆኖ ነው ይላል። ሊጠይቀኝ ይመጣል፤ እጄን ያያል። ከዚያ በኋላ ዳቦዬን ማን ይበላል? እርስዎ ራስዎ ምን ያደርጋሉ? በሬ ላይ ወረቀት የለጠፉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

አዎ፣ የለጠፍኩት እኔ ነበርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከስድስት ዓመት በፊት በዚያ ዳቦ ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት ሊጥ ያቦካች አንዲት ሴት ነበረች። ሁላችንም «አቡኪዋ» እንላት ነበር። በእጆቿ ላይ ነጫጭ ምልክቶች ወጡባት። አንድ ደንበኛ ጆሮዬ ላይ ሹክ አለኝ። እኔም ሄጄ አየሁ፤ ሐኪም ሳልጠይቅ፣ መጽሐፍ ሳልገልጥ፣ «ለምጽ ያለባት ሠራተኛ ከምግብ እንድትርቅ ታዟል» ብዬ ጽፌ፣ ፈርሜና ማኅተም መትቼ በመንገዱ በኩል ባለው በር ላይ ለጠፍኩት። ወረቀቱ ዝናብ እስኪያጥበው ድረስ ሁለት ወር ሙሉ አላፊ አግዳሚው አነበበው።

«ያን ጊዜ የእኔም ጣቶች ብርድ በነካቸው ቁጥር መንጣትና መጥቆር ጀምረው ነበር» አሉ ባለጓንቱ። «ከመጋረጃው ጀርባ ቆሜ፣ እጄን ብብቴ ውስጥ ከትቼ፣ ሽርጧን ስትፈታ አየኋት። ‹እኔም አለብኝ› ማለት እችል ነበር። ‹ሐኪም ይያት› ማለት እችል ነበር። አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እሷ እንደወጣች ሄጄ ጓንት ገዛሁ። እርስዎም መጥተው አመሰገኑኝ። በየዓመቱ ሲያመሰግኑኝ በየዓመቱ ስሞት ኖሬያለሁ።»

ልጅቱ የአቡኪዋን ምልክት ታስታውሳለች፤ ወረቀቱ ሲለጠፍ ግን ለትምህርት ርቃ ስለነበር ይህን ሰምታ አታውቅም ነበር። አባቷን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ግን እኮ የእሷ አይተላለፍም» አለች። «ዘበኞቿ የቆዳዋን ቀለም የሚሠሩትን ህዋሳት ነው የመቱባት። ከአባዬ በሽታ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ከሊጥ ጋር ምን አገናኘው?»

«እርግጠኛ ነሽ?» አልኳት።

«ማንኛውም የቆዳ ሐኪም በአምስት ደቂቃ ይነግርዎ ነበር፣ ጋሼ። አልጠየቁም እንጂ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ከደቂቃ በፊት ሽማግሌውን እንዴት ሳይጠይቁ ብዬ የጮህኩባቸው እኔ ነኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላል ተረቱ፤ እኔ ሁለቱንም ነበርኩ። ብዙ ሰው ጥፋተኛ የሚሆነው ክፉ ስለሆነ ይመስለው ይሆናል። እኔ ያጠፋሁት ስለ ንጽሕና በጣም እየተጨነቅኩ፣ ሥራዬን በትጋት እየሠራሁ ነው። ለዚህ ነው ነገሩ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «እጅዎን የደበቁት ከእኔ ከሆነ፣ የሚያስፈራዎትን ነገር እኔው ማንሣት አለብኝ። ይንገሩኝ፤ ምን ላድርግ?»

«እርስዎ ብቻ አይደሉም፤ እኔም አለሁበት» አሉ። «እሷ ፊት ጓንቴን ሳላወልቅ ሆስፒታል ብገባ መዳኑም አይጥመኝም።»

በዚያው ቀን ሦስታችን ወደ አቡኪዋ ሄድን። አቡኪዋ በአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ ትተኩሳለች። ክፍሉ በእንፋሎት ታፍኗል፤ እሷ እጅጌዋን ሰብስባ ነጫጭ ምልክት ያለበትን ክንዷን ሳትሸሽግ ትሠራለች። አየችን፤ መተኮሷን ግን አላቋረጠችም።

ባለጓንቱ ከሆስፒታሉ ሲወጡ መልሰው ያጠለቁትን ጓንት ማውለቅ ጀመሩ። ጣቶቻቸው ስለታጠፉ በቀላሉ አልወጣም አለ፤ ልጃቸው ልትረዳቸው ስትል በክርናቸው ገፏት። ሁለቱም ጓንቶች ሲወልቁ አቡኪዋ ካውያውን አቆመች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጋሼ?»

«አንቺ ከመውጣትሽ በፊት ጀምሮ፣ እህቴ።»

«እንግዲያው ከመጋረጃው ጀርባ የቆሙት ለዚህ ነበራ» አለች። «እኔ የተጸየፉኝ መስሎኝ ነበር። ስድስት ዓመት እንደዚያ ነው ያሰብኩት።»

በመንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ። «እህቴ፣ በእኔ በኩል ያለውን ስሕተት...» ብዬ ጀመርኩ።

«እርስዎ ንግግርዎን ያቆዩት» አለችኝ፣ ሳትቆጣ። «ያ ወረቀት በተለጠፈ ሰሞን እህቴ ሴት ልጅ ወለደች። እንዳልታቀፋት ከለከለችኝ። ልጅቷ ዛሬ ስድስት ዓመት ሊሞላት ነው፤ እስካሁን አቅፌያት አላውቅም። ይህን በምን ንግግር ይመልሱልኛል?»

አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ።

የባለጓንቱ ልጅ ስለ ሕክምናው ለአቡኪዋ በአጭሩ ነገረቻት። አቡኪዋ አዳምጣ ስትጨርስ ወደ ባለጓንቱ ዞረች። «ፈርተው ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ከፈሩም ፈርተው ይግቡ፣ ጋሼ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰሙም? እኔን ሰው ሁሉ አየኝ፤ ይኸው አልሞትኩም። እርስዎ ግን ማንም ሳያይዎት እየሞቱ ነው።»

«ዳቦ ቤቱስ? ማን ያቦካል?»

«እኔ አቦካለሁ» አለች። ከዚያ በጣቷ ወደ እኔ ጠቆመች። «ግን በዚያው በር ላይ፣ በዚያው ማኅተም፣ ሌላ ወረቀት ይለጠፋል።»

ባለጓንቱ ያወለቋቸውን ጓንቶች ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። «እንግዲህ ገባሁ» አሉ ለልጃቸው። «ለሐኪሞችሽ ንገሪያቸው።»

ያን ወረቀት ስምንት ጊዜ ጻፍኩት። ሰባት ጊዜ ራሴን ለማዳን የሚሞክር ዓረፍተ ነገር እየሾለከ ገባብኝ፤ «በወቅቱ በነበረው መረጃ መሠረት» የሚል ዓይነት። በስምንተኛው እንዲህ አልኩ፦ «ከስድስት ዓመት በፊት በዚህ በር ላይ የለጠፍኩት ስሕተት ነበር። የሠራተኛዋ ምልክት በመንካትም ሆነ በምግብ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሐኪም ሳልጠይቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የዳቦ ቤቱም ባለቤት ከዚያ ጋር ዝምድና ያለው፣ የማይተላለፍ በሽታ ይዟቸው ሊታከሙ ገብተዋል። ስድስት ዓመት የደበቁት እኔን ፈርተው ነው።» ፈረምኩ፤ ማኅተሙን መታሁ። አለቃዬ ጠርቶ መሥሪያ ቤታችንን አዋረድክ አለኝ። ያዋረድኩትስ ድሮ ነው አልኩት።

አቡኪዋ በተመለሰች በመጀመሪያው ቀን ዳቦው ሳይሸጥ ዋለ። ሰው ወረቀቱን ያነብባል፤ ያንሾካሽካል፤ ያልፋል። እኔ ሁለት ዳቦ ገዝቼ በሩ ላይ ቆሜ በላሁ። የሚያውቁኝ ሁሉ እያዩኝ ነበር። የመጨረሻዋን ቁራሽ እስክጨርስ ከደጃፉ አልተነቃነቅኩም። በሦስተኛው ቀን አንድ የሰፈሩ ጫማ ጠጋኝ ገዛ፤ በሳምንቱ ሰልፉ ተመለሰ። ይሉኝታ ሰውን የሚያስረውን ያህል፣ አንድ ሰው ቀድሞ ሲጥሰው ፈጥኖ ይፈታል።

ባለጓንቱ ሆስፒታል በተኙበት ጊዜ በመስታወት በኩል እያየሁ እመለስ ነበር። ፀጉራቸው ረገፈ። አንድ ሳምንት ትኩሳት ይዟቸው ልጃቸው ኮሪደሩ ላይ ስትንቆራጠጥ አገኘኋት። ትኩሳቱ አለፈ። ከሰባት ወር በኋላ ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ ከዱቄቱ ብናኝ ራቅ ብሎ፣ ወንበር ወጣላቸው።

«ጣቶቼ እንደ ድሮው አልተዘረጉም» አሉኝ ክንዳቸውን እያሳዩኝ። «ሐኪሞቹም ይዘረጋሉ ብለው አልዋሹኝም። ግን ይኸው፤ ቆዳዬን ቆንጥረው ይዩት፣ ይነሣል። ትንፋሼም ካለበት አልወረደም። ደረጃ ስወጣ አላርፍም። ስድስት ዓመት ጓንት ውስጥ ባልቀብራቸው ኖሮ እነዚህም ጣቶች በተረፉልኝ ነበር።»

«ለሌላ ሰው ምን ይመክራሉ ታዲያ?»

«ይህ ሕክምና ለሁሉ አይደለም፤ ለእኔ የሆነው ሌላው መድኃኒት ስላልያዘልኝና ሐኪሞቹ መርምረው ይችላል ስላሉ ነው። ግን ለእሱም ሆነ ለቀላሉ መድኃኒት፣ መጀመሪያ እጅን ማሳየት ያስፈልጋል። የሚያድንህን ሳይሆን የሚደብቅህን ሐኪም አትፈልግ እላለሁ። ከጨርቅ ሱቆቹ ጀርባ የነበረው ሰውዬ አሁን የት እንዳለ የሚያውቅ የለም ይባላል።»

እኔ በበኩሌ የምጨምረው ጥቂት ነው። በሰው ቆዳ ላይ ያየነውን ነገር ስም ከመስጠታችን በፊት የሚያውቀውን እንጠይቅ። አንድ ያልተጠየቀ ጥያቄ አንዲትን ሴት ስድስት ዓመት ከሥራዋና ከእህቷ ልጅ፣ አንድን ሽማግሌ ለዓመታት ከሕክምናው ለያይቷል። ብንጠይቅ ኖሮ ሳንባቸውም ጣታቸውም ብዙ ይተርፍ ነበር። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች ደብቀውት የኖሩትን የመገጣጠሚያ ሕመም ይዘው የባለጓንቱ ልጅ ጋ መጥተው ወደ ሐኪም ተመርተዋል፤ አንደኛዋ በጊዜ ስለመጣች በክኒን ብቻ እየተሻላት ነው።

ከባለጓንቱ ጋር ተጫውተን ስናበቃ ልቤ በደስታ ሞልቶ ወደ ዳቦ ቤቱ ውስጥ ገባሁ። አቡኪዋ ገንዳው ላይ አጎንብሳ ታቦካለች። በእነዚያ ሰባት ወራት ከእሷ ዳቦ ስገዛ ቆይቼ አንድም ቀን እጇን ጨብጬ አላውቅም፤ ድፍረቱን አጥቼ ነበር። ያን ቀን ግን ሳላስበው እጄን ዘረጋሁላት።

እሷም እጄን አየችው፣ እኔንም አየችኝ።

«ሊጥ ላይ ነኝ እኮ» አለችኝ። «መጀመሪያ ይታጠቡ።»

ሄጄ በሳሙና ታጠብኩ፤ እስከ ክርኔ ድረስ፣ ረጅም ጊዜ። ስመለስ ገና ሊጡ ላይ ነበረች። እስክትጨርስ ድረስ ቆሜ ጠበቅኋት።